ሳይከፈት የሚጨርስ አበባ

ከመቶ ሰባ አንዱ አረንጓዴ።

ሰዓቱ የችግኙን ትሪ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ ጆሮዬም የደከመ መስሎት። የመስታወት ቤቶቹ ኃላፊ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ክንዱ ላይ ያለችውን ሰዓት በየደቂቃው ስለሚገላምጥ ሰዓቱ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ወረንጦ ብሎኛል። በፊቴ ሲናገር በወረንጦ ስለምሠራ ነው ይላል፤ በሌለሁበት ግን ስለ ምላሴ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እኩል ነን።

«እትዬ፣ ችግኞቹ እናታቸውን ቁርጥ አድርገው ነው የወጡት» አለኝ። «አባት የሚባል ነገር አይታይባቸውም።»

«አባቱ የማይታወቅ ልጅ ማሳደግ ለእኔ ብርቅ አይደለም።»

ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሰዓቱን አየ። «ዶክተሯ ይፈልጉዎታል» አለ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልንገር። ሁለት የመስታወት ቤቶች አሉን፤ አንደኛ ክፍልና ሁለተኛ ክፍል እንላቸዋለን። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ዶክተሯ ያንድ ከረጢት ዘር ለሁለት ከፍላ ሁለቱም ውስጥ ዘራች። አንድ ነጭ የሜዳ አበባ ነው፣ ማንም መንገድ ላይ ረግጦት የሚያልፈው። አንደኛው ክፍል ውስጥ የንብ ቀፎ አለ። ሁለተኛው ክፍል ንብ ቀርቶ ዝንብ አታየውም፤ በሩ ድርብ ነው፣ መስኮቱ በወንፊት ተሸፍኗል፣ እኛም ልብሳችንን አራግፈን ነው የምንገባው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይዘራል፣ ያብባል፣ ያፈራል። የሁለተኛው ክፍል ሕግ አንድ ነው፦ ማንም አይረዳቸውም። በራሱ ዘር የሰጠ ዘሩ መልሶ ይዘራል፤ ያልሰጠ ተነቅሎ ይጣላል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጀት ይበሉ ነበር። አበባው ይከፈታል፣ ይሸታል፣ ማሩን አቅርቦ ይጠብቃል። የሚመጣ የለም። ሙሽራ የቀረበት ቤት ይመስል ነበር ክፍሉ። ከሃያው አንዱ ሁለት ሦስት ፍሬ ይይዛል፤ እሱም አበባው ውስጥ ያለችው ሴቴ አንገቷ አጥሮ ወይም ጎንበስ ብላ የገዛ ወንዴዋ ዱቄት ስለነካት ነው። ከራሱ የተወለደው ደግሞ ውርጃ ይመስላል። አረንጓዴ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት፣ ወረቀት የመሰለ ነጭ ችግኝ ይበቅላል፤ በሳምንቱ ይሞታል። የምለቅመው እኔ ነበርኩ። ዶክተሯን «ይሄ ግፍ ነው፤ አንዲት ንብ እንኳን ልቀቂላቸው» ብያት አውቃለሁ።

«ይታገሱ እትዬ» አለችኝ። «ነጮቹ ሞተው ያልቃሉ። ያንን ክፉ ደም ይዘውት ይሄዳሉ።»

አለቁም። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ቆይቶ ነጭ ችግኝ ጠፋ። ዘር የሚሰጠው በዛ፤ ከሃያው አምስት፣ ከዚያ ዐሥር፣ ከዚያ ሁሉም። ማንም አላስተማራቸውም። አንገቷ የረዘመው ሳትወልድ ቀረች፣ አንገቷ ያጠረው ወለደች፤ ልጇም አንገቷን ወረሰች። ይኸው ነው። ዶክተሯ ይህን በአንድ ሰዓት ንግግር ትናገረዋለች፣ በግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየች።

አንድ ነገር ግን ከእሷ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። በስድስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ቆምኩ፤ ምን እንደጎደለ ጠፋኝ። ሽታው ነበር። አንደኛ ክፍል ስትገባ ሽታው ፊትህን ነው የሚመታህ። ሁለተኛው አፈርና ውሃ ብቻ ይሸታል። ለማን ይሸት? ማሩም ደረቀ። ቀጥሎ አበባው ማነስ ጀመረ። «አበባው አንሷል» ስል ሰዓቱ «እትዬ መነጽር ይግዙ» አለኝ። ዶክተሯ ግን ማስመሪያ አምጥታ ለካች። በሦስተኛ ቀኑ መጥታ ጨበጠችኝ። ያን ቀን የሰዓቱን ፊት ብታዩት።

ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው፣ አበባ ላይ በሚታሰሩት ካርዶች። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። እጄ ግን ተምሯል። ሥራዬ አበባ መዳር ነው። ነገ የሚከፈተውን እንቡጥ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ በወረንጦ እከፍታለሁ፤ ውስጡ ያሉትን ስድስት ወንዴዎች ከረጢታቸው ሳይፈነዳ እነቅላለሁ፤ ሴቴዋን ብቻዋን አስቀርቼ በወረቀት ከረጢት እሸፍናለሁ። በማግስቱ ጠዋት የሌላ አበባ ወንዴ አምጥቼ አናቷ ላይ አሻለሁ። እንደገና ሸፍኜ ካርድ አስራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንን ነው የሠራሁት፤ ለዶክተሯም፣ ከእሷ በፊት ለነበሩትም።

ዶክተሯ በየዓመቱ አንድ ጊዜ የሁለተኛውን ክፍል አበቦች በእኔ እጅ ታስድራለች። ባሉ «ቀይ እግር» የሚባል ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ግንዱ ሥሩ ላይ ቀይ። ልጆቹ በሙሉ ቀይ እግር ይዘው ይወለዳሉ። መቶ ዘር ዘርተን መቶ ቀይ ካየን፣ እነዚህ ብቸኞች ሰው ቢመጣላቸው አሁንም አይመልሱም ማለት ነው። አረንጓዴ ከወጣ ግን እናትየው ከራሷ ነው የወለደችው። ማለትም እኔ ወንዴ አስቀርቻለሁ።

ሰባ አንድ አረንጓዴ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልተሰደብኩም።

ዶክተሯ ክፍሏ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ነበር የተቀመጠችው። ስትመጣ ልጃገረድ ነበረች፤ አሁን ሽበቷን መሸፈን ትታለች። ወንበር ሳበችልኝ። ወንበር ሲሳብልኝ ነገሩ መጥፎ እንደሆነ ገባኝ።

«እትዬ፣ ሲነቅሉ አንድ ሁለት ወንዴ አምልጦዎት ይሆን?»

«አንድም።»

«አበባው አሁን የስንዴ ቅንጣት ነው የሚያክለው። ለእኔም በማጉያ ነው የሚታየኝ።»

«እኔ በእጄ ነው የማየው። አንድም አልኩሽ።»

ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን አሸች። «ዳይሬክተሩ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። የእርስዎ ዓይን ነው ካልን ሙከራው ተበላሸ ብለን እንደግመዋለን፣ እርስዎም በክብር ጡረታ ይወጣሉ። ዓይንዎ ካልሆነ ሌላ ምክንያት ማምጣት አለብኝ።»

«አምጪዋ!»

«የለኝም። ጽሑፌን ልኬያለሁ። እነዚህ አበቦች ለራሳቸው ቢበቁም የመጣላቸውን አይመልሱም ብዬ። ያለፈው ዓመት መቶ ከመቶ ቀይ ነበር፣ የእርስዎ እጅ ሥራ። አንድም አረንጓዴ አልነበረም። እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቀስ እያለ ነው የሚመጣ፤ በአንድ ዓመት ከምንም ተነስቶ ሰባ አንድ አይደርስም። ያለፈው ዓመት ትንሽ እንኳን አረንጓዴ አይተን ቢሆን፣ አምስት፣ ስድስት፣ አበባው ነው የተለወጠው እል ነበር።»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

የእኔ ዝም ነቅዟል። ያለፈው ዓመት ዘጠኝ ነበሩ።

ችግኞቹን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ያለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ትሪውን ሳየው ከቀዮቹ መሃል ዘጠኝ አረንጓዴ ቆመዋል። እጄ ነው አልኩ። አንድ ቦታ እጄ ስቷል፣ ዓይኔ ስቷል። የሰዓቱ ፊት መጣብኝ፤ «እትዬ መነጽር ይግዙ» የሚለው። ወረንጦዬን አወጣሁና ዘጠኙን አንድ በአንድ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳቸው። በቦታቸው ከትርፉ ትሪ፣ ለመጠባበቂያ ከዘራነው፣ ዘጠኝ ቀዮች አዛወርኩ። አፈሩን በጣቴ ደለደልኩ። ሲቆጠር መቶ ሆነ። ሰዓቱ ራሱ «ወረንጦ አትስትም» አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ።

ይኸው ነው ያደረግሁት። ስርቆት አይሉት፣ ውሸት አይሉት። ችግኝ መንቀል ነው።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ መጋረጃ ስትሰፋ አገኘኋት። አብረን ነው የምንኖር፣ ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ ከመጋረጃ ሱቅ ሥራ ይዛ ትመጣለች። ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። አባቷ እንደ ንብ ነበር፤ መጣ፣ ቀመሰ፣ ሄደ። ዘመዶቼ ሊረዱኝ ሲመጡ ከበር መለስኳቸው። ከራስ በላይ ንፋስ ብዬ ነው የኖርኩት፤ ሠርቶልኛልም። የማንም ደጅ ሄጄ አላውቅም።

ሻይ ቀዳሁ።

«እማዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የምትቀጂው።»

«ስኒው ጠቦ ነው።»

መርፌዋን ሰክታ ቀና አለች። «ባለፈው ወር የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ጠበበ አልሽ። ያኔም የአውቶቡሱ ቁጥር አነሰ አልሽ። አሁን ስኒው። ዕቃው ሁሉ ተማክሮ በአንቺ ላይ ያንሳል?»

«አበባው እውነቱን ነው ያነሰው! ተለክቷል!»

«እሺ፣ አበባው አንሷል። ስኒውንም እንለካው?»

መሳቅ አልፈለግሁም፤ አፌ ግን ሳቀ። አፍ ጌታውን አያከብርም። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ትታ «እማዬ፣ ከሥራ ስትወጪ ልቀበልሽ ልምጣ? ደጃፉ ላይ ያለው ደረጃ…» አለች።

«ዐሥራ አንድ ደረጃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ወርጄዋለሁ። ደረጃው እኔን ያውቀኛል።»

«መልስሽን አውቀው ነበር» አለችና ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች። ድካም ነበረው ድምፅዋ፤ እንደ ዶክተሯ። ሁለቱንም የማደክማቸው እኔ መሆኔ ያን ማታ ገባኝ። አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሰው ሳይመጣ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። ዝም ያለ ክፍል ነው። አንደኛው ክፍል ንቡ ያጉረመርማል፣ ሽታው ያሰክራል፣ አንዱ ሲያብብ አንዱ ይረግፋል፤ ገበያ ነው። ይሄኛው በረድፍ ቆሞ ሥራውን የሚሠራ ቢሮ ነው። ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም ያፈራ፣ ማንንም የማይጠብቅ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወንዴ አላስቀረሁም። ይህን በነፍሴ እምላለሁ፤ ስድስቱን በጣቴ ጫፍ እየቆጠርኩ ነው የነቀልኩት። ታዲያ ዱቄቱ ከየት መጣ? እኔ ከመድረሴ በፊት ካልሆነ በቀር?

ነገ የሚከፈት እንቡጥ ቀጠፍኩ። ከፍቼ ባየው ምንም አልታየኝም፤ ነጭ ጭጋግ ብቻ። ዓይኔን ረገምኩት። ከዚያ ራሴ ላይ ያለው ሻሽ ትዝ አለኝ። ጥቁር ነው። ፈትቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና እንቡጡን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጨፈለቅሁበት።

ቢጫ። ጥቁሩ ላይ ነጠብጣብ ቢጫ፤ ለእኔም የሚታይ።

ከነገ ወዲያ የሚከፈተውን ጨፈለቅሁ። ቢጫ። ሦስት ቀን የቀረውን፣ ገና አረንጓዴ ሽፋኑ ያልተላቀቀውን፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክለውን ጨፈለቅሁ። እሱም ቢጫ። አንደኛ ክፍል ሄድኩና ነገ የሚከፈት ቀጥፌ በሌላው የሻሹ ጫፍ ጨፈለቅሁ። እርጥበት ብቻ። ዱቄቱ ከረጢቱ ውስጥ ገና አልፈነዳም።

ገባኝ። እኔ ዐሥር ሰዓት ላይ ወረንጦዬን ይዤ፣ ጣቴን አስተካክዬ፣ በክብር ስድስት ወንዴ ስነቅል፣ ሥራው ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ተጋብተዋል፣ ወልደዋል፤ እኔ ዘግይቼ የመጣሁ አማጭ ነኝ። አበባው የሚከፈተውም ከልማድ ነው። ለማንም አይደለም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ድካም ነው የተሰማኝ።

ሻሹን አጣጥፌ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። ራሴ ተገልጦ ስታየኝ ደነገጠች፤ ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ ፀጉሬን አይታው አታውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። አየች፣ ሻሹን ማይክሮስኮፗ ሥር አስገባች፣ እንደገና አየች። እራሷ ሄዳ ሃያ እንቡጥ ቀጥፋ መጣች። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ከፈተች።

«የእርስዎ እጅ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ይቅርታ እትዬ።»

ያን ቃል ለመስማት ነበር ሌሊቱን ሳልተኛ ያነጋሁት። ሰማሁት። ጥሩ ነበር፤ እንደ ሞቀ ውሃ። ያን ጊዜ ብወጣ ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግርበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ዶክተሯ ስልኳን አንስታ ሰዓቱን ጠራችው። ሲገባ ወረቀት ላይ ቀን እየቆጠረች ነበር።

«እትዬ እነዚህን አበቦች የዳሩት በዚያ ብርድ ሳምንት ነው አይደል? የሁለተኛው ክፍል ማሞቂያ ስንት ቀን ጠፍቶ ነበር?»

ሰዓቱ ሰዓቱን አላየም። «አንድ ቀን ብዬ መዝግቤያለሁ።»

«ጠየቅሁህ፣ ስንት ቀን?»

«አራት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሠሪው ቶሎ አልመጣም። እርስዎም በጉዞ ላይ ነበሩ…»

«አራት ቀን!» ብዕሯን ጣለችው። «ብርድ ሲሆን እንቡጥ መከፈቻው ይዘገያል። ተዘግቶ ሲቆይ ከረጢቱ ውስጥ ይፈነዳል። ብርዱ እንዲህ ያሉትን ዘሮች መርጦ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ዛሬም ሳይከፈቱ የሚፈነዱት። በአንድ ዓመት ይህን ያህል የሚዘልበት ሌላ ምክንያት የለም፤ ያለፈው ዓመት ንጹሕ መቶ ነበር። ለዳይሬክተሩ የምጽፈው ይህንን ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራ በአንተ ማሞቂያ!»

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና እየዳኸች ነው። ለእኔ መነጽር ይግዙ ያለኝ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ቅር አላለኝም። አንድ ጊዜ እንኳን አንተም ቅመሰው አልኩ በሆዴ። ሻሼን ይዤ ወጣሁ።

ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ዳቦዬን አወጣሁ። ግማሹን በላሁ። ከፊቴ ትሪው አለ፣ ሰባ አንድ አረንጓዴ፣ ሃያ ዘጠኝ ቀይ። አረንጓዴዎቹ በዚያ ብርድ ሳምንት ነው የመጡት ይባላል። ባለፈው ዓመት ብርድ አልነበረም። ማሞቂያው እንደ እቶን ይነድ ነበር፤ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ ነው የሠራሁት። ዘጠኙ ግን ነበሩ። ማሞቂያው ምን አደረገ? ሰዓቱ ምን አደረገ? አበባው ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በራሱ ጊዜ ነው የመጣው። እኔ ነኝ ደረጃውን የሰበርኩበት፤ ከዘጠኝ ወደ ሰባ አንድ የሚወጣውን፣ ከባዶ ወደ ሰባ አንድ አስመስዬ።

ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ዳቦ እየበላ ነው።

ተነሣሁ። ሰዓቱ ገና እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዶክተሯ እየጻፈች።

«ዶክተር፣ ብዕርሽን አስቀምጪ» አልኳት። «ያለፈው ዓመት ዘጠኝ ነበሩ።»

«ምን ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ አረንጓዴ። ነቅዬ ጣልኳቸው። በቦታቸው ከትርፉ ትሪ ቀይ ተከልኩ። እጄ ነው የሳተ ብዬ። አሳፈረኝ።»

ሰዓቱ ከግድግዳው ተላቀቀ። ውጪ ውሃ የሚረጨው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ዘጠኝ?» አለች።

«ዘጠኝ። ነቅዬ የጣልኩትን አልረሳም።»

«ያቻምናስ?»

«ያቻምና አንድም አልነበረም። በልጄ እምላለሁ።»

ዶክተሯ ወረቀቷን ገለበጠችና ጀርባው ላይ ሦስት ቁጥር ጻፈች። ባዶ፣ ዘጠኝ፣ ሰባ አንድ። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሳቀች፤ ደስታ ያልሆነ፣ ከድካም የሚመጣ ሳቅ።

«ሦስት ዓመት፣ ዘጠኝ ትውልድ» አለች። «መጣ ማለት ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ባለፈው ዓመት ትሪው ላይ ቆሞ ነበር፤ እርስዎ በወረንጦ ኪስዎ ከተቱት።»

«አዎ።»

«እኔም የለም ብዬ ጻፍኩ። የላክሁትን ጽሑፍ አሁን ማስመለስ አለብኝ። ሥራዬ ስህተት ነበር ብዬ ለሰው ሁሉ መንገር አለብኝ።» ወደ ሰዓቱ ዞረች። «አንተ ሂድ። ስለ ማሞቂያው ዋሽተሃል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን። ይህኛው ግን ያንተ አይደለም።»

ሰዓቱ እያየኝ ወጣ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳይሳብልኝ።

«አሁን ምን ይሆናሉ?» አልኳት። «አበቦቹ።»

«ይኖራሉ። ለጊዜው ምንም አይጎድላቸውም። ንብ ቢጠፋ አይርባቸውም፣ ብቻቸውን የትም ቢወድቁ ይዘልቃሉ።» መነጽሯን አወለቀች። «ግን ሁሉም አንድ ሆነዋል እትዬ። አንድ በሽታ ቢገባ አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። የሚመጣላቸውን መቀበያ ደጁን ራሱን ዘግተዋል። ከዚህ የተመለሰ ብዙ አላውቅም።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«ዓርብ የመጨረሻ ቀኔ ነው?» አልኩ።

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ «ዓይንዎ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «አስቀምጥዎት ነበር። ዳይሬክተሩን ተጣልቼ። ማጉያ እገዛልዎት፣ ችግኝ ብቻ ይጠብቁ እል ነበር። ዓይን ሲደክም ለሰው ይነገራል እትዬ፣ ሰው ይረዳል። ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቄ ስለማላውቅ» አልኳት። እውነቱ ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዓርብ መጣ። ንግግር እንዲደረግልኝ አልፈለግሁም፣ አልተደረገም። ዶክተሯ ጨበጠችኝና እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም። ይቅር አላለችኝም፤ አልጠየቅኋትም። ግን «ያ ሻሽ ይሰጡኛል?» አለች። ቢጫው ገና አልታጠበም ነበር። ሰጠኋት።

ዕቃዬን ሰዓቱ ተሸከመልኝ፤ አንዲት ካርቶን ናት። እስከ ውጪው በር ተከተለኝ። በሩ ጋ «እትዬ፣ ስለ እኔ ብለው…» ሲል ጀመረ።

«ስላንተ ብዬ አይደለም። አበባው ያደረገውን ማሞቂያ አደረገው ሲባል ሰምቼ ዝም ልል ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ድሬያቸዋለሁ።»

«እሺ።»

«ሰዓትህን እየው፤ የሻይ ሰዓት አልፎብሃል።»

ሳቀ። ወረንጦዬን ከካርቶኑ አውጥቼ ሰጠሁት። አዲስ የምትመጣዋ እንቡጡን ሊከፈት ከሦስት ቀን በላይ ሲቀረው እንድትከፍት ንገራት አልኩት፤ ለምርምሩ ቢጠቅማትም ለዓይኗ አዝናለሁ። ምናልባትም ስትደርስ አራት ቀን ሆኖት ይጠብቃታል። እነሱ አይቆሙም።

ልጄ ከደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ነይ አላልኳትም። ሳልጠራት የመጣችው ለዓመታት ጠባዬን ስትለምድ ኖራ ነው። ወደ ላይ ወጣችና አጠገቤ ቆመች፤ ክንዷን አልዘረጋችም፣ ታውቀኛለች።

ደረጃውን አየሁት። ዐሥራ አንድ ነው። እኔ የታየኝ አንድ ግራጫ ነገር ነው፣ እንደ ፈሰሰ ሲሚንቶ።

«አይታየኝም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ደረጃው። ስኒውም። የበሩ ቀዳዳም። አልጠበቡም።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ካርቶኑን ከሰዓቱ ተቀብላ በአንድ እጇ ያዘች። ክንዷን ያዝኩ። ቀጭን ነው ክንዷ፣ ስፌት ያደነደነው። አንድ፣ ሁለት፣ እያለች ስትቆጥርልኝ ወረድን። እኔም አብሬያት ቆጠርኩ፤ ስድስተኛው ላይ ቁጥሩን ለእሷ ተውኩት።